«ማይቶሲስ»፣ «ከረረ»፣ «እንዝርት»፦ የሕዋስ ክፍፍል ቃላት ምን ይላሉ?

ንባብ፦
ማይቶሲስን አንዱ ጽሑፍ «የሕዋስ መከፈል» ይለዋል፣ ሌላው «የሕዋስ መባዛት»። በሒሳብ ቋንቋ ግን ማካፈልና ማባዛት ተቃራኒ ናቸው። የትኛው ነው ልክ? ቃሉ ራሱስ ሥሩ ምንድን ነው? የማይቶሲስ ምዕራፎች የሆኑት ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝና ቴሎፌዝስ ቅደም ተከተላቸውን በስማቸው ይዘዋል?

የቃል ሰው፦
ቃሉ መከፈልንም መባዛትንም አይናገርም። «ሚቶስ» በግሪክኛ ክር ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዋልተር ፍሌሚንግ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ እጭ ሕዋሳት በቀለም ነክሮ ሲመረምር፣ ሕዋሱ ሊከፈል ሲል በአስኳሉ ውስጥ ክር መሰል ነገር እየወፈረ ሲወጣ አየ። እ.ኤ.አ. በ1882 ስሙን ከዚያው ከክሩ አወጣለት። «ክሮሞሶም»፣ ማለትም ቀለም የሚይዝ አካል፣ የሚለው የእነዚህ ክሮች ስም የመጣው ከ6 ዓመት በኋላ ነው።

የምዕራፎቹ ስሞች አዎ፣ ቅደም ተከተል ይዘዋል። «ፕሮ» በፊት፣ «ሜታ» ቀጥሎ፣ «አና» ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ፣ «ቴሎስ» ፍጻሜ። «ሜታ»ን «መካከል» ብለው የሚፈቱ ብዙ ናቸው፤ ክሮሞሶሞቹ በዚያን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚሰለፉ ሥዕሉ ቃሉን አስቶባቸው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስሞች የዕፅዋት ተመራማሪው ስትራስበርገር በ1884 አወጣቸው፤ ቴሎፌዝ 10 ዓመት ቆይቶ ተጨመረ።

መጨረሻ ላይ ያለው «ፌዝ» መታየት ወይም ገጽታ ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን ፌዝ ማላገጥ ስለሆነ፣ «ምዕራፍ» ብሎ መተርጎም ይሻላል እላለሁ። «ደረጃ» አይመቸኝም፤ ደረጃ ተቆርጦ የተለየ እርከን ነው፣ ይህ ግን ሳይቋረጥ የሚፈስ ሥራ ነው።

ባለ ማይክሮስኮፕ፦
ስለ መከፈልና መባዛት በቁጥር ልጨምር። በሰው የአካል ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶም አለ። ማይቶሲስ ከመጀመሩ በፊት ዲኤንኤው አንድ ጊዜ ይቀዳል። ከተቀዳም በኋላ የክሮሞሶሙ ቁጥር ያው 46 ነው፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ተያይዘው የቆሙ 2 እህት ክሮማቲዶች አሉት፣ በድምሩ 92 ክሮማቲድ። አናፌዝ ላይ እህቶቹ ሲላቀቁ እያንዳንዷ በራሷ ክሮሞሶም ተብላ ትቆጠራለች፤ ስለዚህ ሕዋሱ እስኪለያይ ድረስ 92 ክሮሞሶም ይይዛል። ከዚያ 46 በዚህ፣ 46 በዚያ።

«ተከፈለ» ብቻ ሲባል ተማሪው 46ን ለሁለት አካፍሎ 23 የሚለው መቅዳቱ በቃሉ ውስጥ ስለሌለ ነው። 23 የሚመጣው የዘር ሕዋሳት በሚገኙበት ክፍፍል፣ በሚዮሲስ ነው፤ «ሚዮሲስ»ም በግሪክኛ ማነስ ማለት ነው። ለማይቶሲስ ትክክለኛው አባባል «ተቀድቶ መካፈል» ነው፤ የሚባዙት ሕዋሳቱ ናቸው፣ ውጤቱ እንጂ ሥራው አይደለም።

ሌላው የሚያስት ቃል በአንዱ ክፍፍልና በቀጣዩ መካከል ላለው ጊዜ፣ ለኢንተርፌዝ የሚሰጠው «የዕረፍት ጊዜ» ነው። ፈጥኖ የሚከፈል የሰው ሕዋስ ዑደቱን በ24 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ማይቶሲስ ከዚያ ውስጥ የሚወስደው 1 ሰዓት ያህል ነው። ዲኤንኤ መቅዳት ብቻውን 8 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ይህ ዕረፍት አይባልም።

ንባብ፦
በፕሮፌዝ ክሮማቲኑ፣ ማለትም ዲኤንኤው ከፕሮቲኖቹ ጋር፣ «ይጨማደዳል» የሚል አለ፣ «ይወፍራል» የሚልም አለ። ለዚህስ ምን ትላላችሁ?

የቃል ሰው፦
ይከራል! አማርኛ የራሱ ቃል እያለው ለምን እንደሚታለፍ አይገባኝም። ክር ሲጠመዘዝና በላዩ ላይ ሲጠመጠም «ከረረ» እንላለን፤ እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ባዘቶ ተበትኖ ሳለ ቢጎተት ይወሳሰባል፣ ይበጠሳል። «ሲከር ይበጠሳል» የሚለው ተረት እዚህ ይገለበጣል፤ ክሩ የሚከረው እንዳይበጠስ ነው። ቴሎፌዝ ላይ ደግሞ «ይላላል»።

«ወገብ» እና «ዋልታ»ም ከምድር ወገብና ከዋልታ ጋር አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። በሜታፌዝ ክሮሞሶሞቹ በሕዋሱ ወገብ ይሰለፋሉ፣ በአናፌዝ ወደ ሁለቱ ዋልታ ይሄዳሉ። እህት ክሮማቲዶቹ የሚያያዙበትን ቦታ፣ ሴንትሮሜርን ግን «የክሮሞሶም ወገብ» አትበሉት፤ ሁለት ወገብ በአንድ ገጽ ላይ አንባቢን ያደናግራል።

ንባብ፦
«ቋጠሮ» ቢባልስ?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦
አይሆንም። ቋጠሮ ይፈታል፤ ሴንትሮሜር ግን አይፈታም፣ ከእያንዳንዷ ክሮማቲድ ጋር አብሮ ይሄዳል። እህቶቹን አቅፎ የያዛቸው ኮሄሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ አናፌዝ ሲጀምር የሚቆረጠው እሱ ነው። ሴንትሮሜር ብለን እንተወው።

ክሮሞሶሞቹን ወደ ዋልታዎቹ ለሚያደርሰው የክሮች ስብስብ የሚሰጠው «እንዝርት» የሚለው ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሙ የተወሰደው ከቅርጹ ነው፦ ፈትል ሲሞላበት ሆዱ ወፍሮ ጫፍና ጫፉ እንደሚቀጥነው። ነገር ግን እንዝርት ይሾራል፤ የሕዋሱ እንዝርት አይሾርም፣ ክር አይጠቀልልም። ክሮቹም የሚጎተት ገመድ አይደሉም፤ ጫፋቸው እየፈረሰ የሚያጥሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ ክሮሞሶሙ የሚፈርሰውን ጫፍ ይዞ ይከተላል። አንዱ ሴንትሮሜር ከሁለቱም ዋልታ በመጣ ቱቦ ከተያዘ፣ ያቺ ክሮማቲድ ወገቡ ላይ ልትቀርና ወደማይገባት ወገን ልትገባ ትችላለች። ውጤቱ አንዱ ሕዋስ 47፣ ሌላው 45።

የቃል ሰው፦
ማይቶሲስን በሽንኩርት ሥር ለማየት በሚሰጥ የቤተ ሙከራ መመሪያ ላይ «የሥሩን ጫፍ ጨፍልቅ» የሚለው ልክ ነው?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦
«ዳምጥ» ነው መባል ያለበት። ጨፍልቅ የተባለ ሰው የሽፋን መስታወቱን እያሸ ሕዋሳቱን ያንከባልላቸዋል፤ መዳመጥ ግን በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ታች መጫን ነው፣ ሳያንሸራትቱ። ከሽንኩርት ሥር የሚወሰደው ጫፉ 1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ያሉት ሕዋሳት የሚረዝሙ እንጂ የሚከፈሉ አይደሉም። 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ቆይቶ፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይለሰልሳል። ካልለሰለሰ ሕዋሳቱ ተደራርበው ይቀራሉ፤ ከበዛበት ይላሽቅና ቀለም አይይዝም። በደንብ የተዳመጠ ከሆነ የሽንኩርቱን 16 ክሮሞሶም ሜታፌዝ ላይ መቁጠር ይቻላል።

ንባብ፦
ታዲያ «የሕዋስ ክፍፍል» እና ማይቶሲስ አንድ ናቸው ማለት ነው?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦
በጥብቅ ትርጉሙ አይደሉም። ማይቶሲስ የአስኳሉ፣ ማለትም የኒውክለሱ ክፍፍል ነው። የሕዋሱ ገላ የሚለያየው በሳይቶኪኔሲስ ነው። በእንስሳ ሕዋስ ከሽፋኑ ሥር ያለ የአክቲን መቀነት እየጠበቀ ወገቡን ያጠብበዋል፤ በዕፅዋት ሕዋስ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር የሚሠራ ግድግዳ ይከፍለዋል። ስለዚህ «ተሰነጠቀ» የሚለው ለሁለቱም አይሆንም። መቀነቱ ሳይጠብቅ ከቀረ፣ ማይቶሲስ ተፈጽሞ ሳለ ሕዋሱ አንድ ሆኖ ሁለት ኒውክለስ ይዞ ይቀመጣል።