ሲፓፕ ላልተስማማው ሰው የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ይበጃል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመቱ ታላቅ ወንድሜ ሌሊት ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ትንፋሹ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱም ደንግጣ ትቀሰቅሰዋለች። በእንቅልፍ ምርመራ ትንፋሹ በሰዓት በአማካይ 41 ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚያንስ ታውቆ፣ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ሲፓፕ ታዘዘለት። እሱ ግን ጭንብሉ ያፍነኛል እያለ ያወልቀዋል፤ መብራት የጠፋ ለታ ደግሞ መሣሪያው ራሱ አይሠራም። አገጩ ወደ ኋላ የገባ ስለሆነ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ተነሥቷል። ለሚዘጋ ጉሮሮ አጥንት መቁረጥ ምን ይረዳል?

መልስ (የአፍና የመንጋጋ ሐኪም፣ ባሕር ዳር)፦
ምላስና ለስላሳው የላንቃ ክፍል የተያያዙት ከመንጋጋ አጥንቶች ጋር ነው። በእንቅልፍ ጡንቻ ሲላላ ወደ ኋላ ወድቀው መተላለፊያውን ይዘጋሉ፤ አገጩ የገባ ሰው ደግሞ ቦታው ከመነሻውም ጠባብ ነው። በቀዶ ሕክምናው የላይኛው መንጋጋ ከጥርስ ሥሮች በላይ ይቆረጣል፣ የታችኛው በግራና በቀኝ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ተገፍተው በቲታኒየም ብረትና ብሎን ይታሰራሉ። ብዙ ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና፣ ከታካሚዎቹ 85 በመቶ ያህሉ መቆራረጡ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰላቸው፣ በሰዓት ከ5 በታች የወረደላቸው ግን 39 በመቶ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ «ፈጽሞ ይድናል» ብሎ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ። በእኔ አስተያየት ከዚያ በፊት የአፍንጫ ብቻ የሆነውን ጭንብል ይሞክር፤ «አፈነኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ልኩ ያልሆነ ጭንብል የደረሳቸው ናቸው።

መልስ (ቀዶ ሕክምናውን ያደረገ፣ ፍኖተ ሰላም)፦
እኔ አልተጸጸትሁም፤ ሆኖም ወንድምዎ አስቀድመው ቢያውቁት የምወደው ነገር አለ። የታችኛው ከንፈሬና አገጬ ለወራት ደንዝዘው ነበር፤ ዛሬም ጢሜን ስላጭ በግራ በኩል የሰው ፊት የምላጭ ይመስለኛል። ለስድስት ሳምንት ያህል የአደት ጤፍ እንጀራ እያየሁ በአጥሚትና በቀጭን ሹሮ ኖርሁ። መልክም ይለወጣል፤ እናቴ መጀመሪያ ስታየኝ «የማን ልጅ ነህ?» ልትለኝ ምንም አልቀራት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ጭንብሉን እናስቀይራለን። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ፣ ማንኮራፋቱ ሲጠፋ ለቀቀው ማለት ነው?

መልስ (ሐኪሙ)፦
አይደለም። ሳያንኮራፉም ትንፋሽ ሊቋረጥ ይችላል፤ እብጠቱ ጠፍቶ አጥንቱ ከጠና በኋላ፣ ከጥቂት ወራት ቆይታ ቀጥሎ፣ የእንቅልፍ ምርመራው ይደገምለት። እስከዚያ ሲፓፑን አትሽጡት።