ቮልስ ኋላዋ ግራው 3 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቀረ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። መኪናዋ የ1960ዎቹ ቮልስዋገን ናት፣ ሥራው ያለው ፒያሳ ነው። የኋላ እግሯ በሙሉ ተፈቶ ተገጥሟል፤ የቶርሽን ባር (እንደ ሞላ እየተጠመዘዘ መኪናዋን የሚሸከም ብረት) ማቀፊያ ጎማዎች፣ ሾኮች፣ የፍሬን ሸራና ሲሊንደሮች አዲስ ናቸው። ባሮቹ ግራና ቀኝ አልተቀያየሩም፣ ጫፋቸው ላይ ያለው ምልክት ታይቷል።

ችግር አንድ፦ የግራው ከቀኙ 3 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይላል፣ ጎማውም ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሏል። ባሩ ላይ የሚታሰረው የጎማው ክንድ ሳይወጠር ሲለካ፣ የበር ሥሩ ዘንበል ማለት ተቀንሶ (የፒያሳ ቁልቁለት ያሳስታል)፣ ቀኙ 17 ተኩል ዲግሪ፣ ግራው 15 ነው። የባሩ የውስጥ ጫፍ 40 ጥርስ፣ የውጭው 44 ስለሆነ፣ አንዱን በአንድ ጥርስ ወዲህ ሌላውን በአንድ ወዲያ ማዞር 50 ደቂቃ (60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው) ብቻ ይለውጣል። ስለዚህ ሦስት ሦስት ጥርስ 2 ተኩል ዲግሪውን ይሞላል ማለት ነው። ግን ባሩ ራሱ ደክሞ ከሆነ ይህ ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው። ባሩ መድከሙን በምን ትለያላችሁ? የቀኙን ወደ ግራ አዙሮ መሞከር አይቻልም፣ ጠመዝማዛው ተቃራኒ ስለሆነ ሊሰበር ይችላል።

ችግር ሁለት፦ የግራው የፍሬን ታምቡር ውስጥ ዳግም የካምቢዮ ዘይት ገብቶ አዲሱን ሸራ አርሶታል። ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አዲስ ነው፣ የካምቢዮው ዘይትም ከመሙያው ቀዳዳ አያልፍም። አክሰሉ ጫፍ ላይ ያለው የ36ቱ ዳዶ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ጠብቋል፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ኮፒሊያም ገብቷል። ሲሉ የሚቀመጥበት ቀለበት ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መግጠም ይበቃል ወይስ ሶማሌ ተራ ሌላ ቀለበት ይፈለግ?