«መጅ» የወፍጮው ነው ወይስ እጅ ላይ የሚወጣው?

ማለዳ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የአክስቴን የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ አርባዋ ላይ ይነበባል። አባቴ ስለ እሷ ያለውን እንዳለ ላስገባው ፈለግሁ። «እህቴ ከመጅ ተላቃ አታውቅም፤ መጇን ሳስበው እንባዬ ይመጣል» ነው ያለው። የመጀመሪያው መጅ የወፍጮው፣ በእጅ እየተገፋ እህሉን የሚፈጨው የላይኛው ድንጋይ መሆኑ ገብቶኛል። ሁለተኛው ግን ድንጋዩ ይሁን እጇ ላይ የደደረው ቆዳ አልለየልኝም። አባቴን ደግሜ እንዳልጠይቀው ነገሩ ሲነሳ ሆድ ይብሰዋል። ለመሆኑ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው? ወፍጮ ላላየ የከተማ ልጅስ እንዴት ብጽፈው ይገባዋል?

ብራና፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። አንድ ቃል ነው። ድንጋዩ እጅን ያደድራል፣ የደደረው ቦታ በድንጋዩ ስም ተጠራ፤ ከዚህ የቀለለ ማብራሪያ የለም።

ዋሸራ፦
እንዲህ በችኮላማ አይፈታም። ጫማ የነካው እግር ላይ የሚወጣውም እኮ መጅ ነው የሚባለው። በእግሩ የሚፈጭ ሰው አለ? እኔ መጅን የማየው ከ«እጅ» ነው። «መ» ባዕድ መነሻ፣ ማለትም ከቃል ፊት የሚጨመር ፊደል ሆኖ ገብቶ «መእጅ» ነበር፤ አልፉ («እ») ተዋጠና መጅ ሆነ። በእጅ የሚያዝ ማለት ነው። ግእዙ «እድ» ነው፣ ደ ወደ ጀ ሲለወጥ አማርኛው «እጅ» አለ። ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህን ሳያወጣ ሳያወርድ አያልፍም።

ብራና፦
የኔታ፣ ባዕድ መነሻው መ ከግሥ ጋር ነው የሚገባው። ከቆረጠ መቁረጫ፣ ከፈጨ መፍጫ። እጅ ስም ነው፤ «መእግር»፣ «መራስ» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? የግእዙን ወፍጮ ከፈለጉ ደግሞ ማሕረጽ አለልዎ። ግሡ ሐረጸ፣ ዱቄቱ ሐሪጽ። ትግርኛው እስከ ዛሬ ሓሩጭ ይለዋል። መጅ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ዝምድና የለውም።

ዋሸራ፦
በመጀመሪያ ማሕረፅ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው፣ በጸሎቱ አይደለም። ፊደል ሳይለዩ ሥር መቁጠር አይቻልም።

እቴሜቴ፦
እኔ መጅ ይዤ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ እስቲ አንዴ አድምጡኝ። እህሉ መጀመሪያ ይለቀማል፣ ይበጠራል፣ ገብስ ከሆነ ይፈተጋል። ከዚያ ይሸረከታል። ሽርክቱ ተመልሶ ይፈጫል፣ ልም ዱቄት ካስፈለገ ደግሞ እንደገና ይላማል። ጤፍማ ደቃቅ ነው፤ ከመጁ ሥር እየሾለከ ሙሉ ክብደትሽን ካላሳረፍሽበት አይደቅም። ጉልበቱ የሚመጣው ከክንድ አይምሰላችሁ፣ ከወገብ ነው። መጁ ሲሄድ በመዳፍሽ ትገፊዋለሽ፣ ሲመለስ በጣትሽ ትስቢዋለሽ። ስለዚህ መጁ የሚወጣው መዳፍ ግርጌ ላይና ከትንሿ ጣት ሥር ነው። ሲከርም ይሰነጠቅና በርበሬ ስትደልዢ ያቃጥልሻል። ይኼ ሁሉ ዶሮ ሳይጮህ ነው የሚሠራው፤ ቤተሰቡ ሲነሳ ዱቄቱ ደርሶ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ነው እንስራ አዝለሽ ምንጭ የምትወርጂው፣ እንጨቱም ኩበቱም የሚጠብቅሽ። ባልየው ዱቄቱ ቢጎድል ሚስቱን ይጠራል እንጂ መጅ አይዝም፤ ነውር ነበር። እንግዲህ ከእጅ መጣ ከእግር መጣ ለምትሉት፣ እኔ የማውቀው ድንጋዩን ካልያዝሽ ያ ቦታ እንደማይደድር ነው።

ብራና፦
እቴሜቴ እጅዎን ይባርከው። ነውሩ እኮ መጽሐፍ ውስጥም አለ። ዘጸአት 11፥5 ላይ ከላይ በዙፋን የተቀመጠውን ፈርዖን ካለ በኋላ ከታች መጨረሻ አድርጎ የሚያነሳው ከወፍጮ እግር ያለችውን ባሪያ ነው። ሶምሶንንም ዓይኑን አውጥተው ሊያዋርዱት ሲፈልጉ ወህኒ ቤት እንዲፈጭ አደረጉት። እኛም አገር ደህና ኑሮ ባለበት ቤት መጅ ላይ የምትውለው ገረዷ ወይም ባሪያዋ ነበረች። ባርነትን የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ፤ ወፍጮው ግን ሴት ላይ እንደቀረ ቀረ። የውሃ ወፍጮም የሞተር ወፍጮም እስኪደርስ ስንት መንደር ስንት ወገብ ጎበጠ።

ቀለም ቀንድ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ወፍጮው ለስልሶ አልፈጭ ሲል በሹል ድንጋይ እየቀጠቀጡ ያሻክሩታል አይደል? ይኼ «መውቀር» ይባላል። የላሊበላዎቹን «ውቅር አብያተ ክርስቲያናት» የምንለው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ግእዙም ወቀረ ነው። እንግዲህ ዓለም ሊያየው የሚመጣውን ሥራና እናቶቻችን ጓዳ ጥግ ተቀምጠው የሚሠሩትን አንድ ግሥ ይጠራቸዋል። እኔ ይኼ ነገር ያስደንቀኛል።

ዋሸራ፦
ወቀረ በግእዝ መፈልፈል፣ ማጎድጎድ ነው። ወፍጮ አይፈለፈልም፣ ይነቀሳል እንጂ። ትርጉሙ ተዛውሮ ነው።

እቴሜቴ፦
የኔታ፣ ይፈለፈላል። ጥቃቅን ጉድጓድ በጉድጓድ ነው የሚሆነው። ከውቅራት በኋላ የመጀመሪያው ዱቄት ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል፤ በልተን ያደግን እናውቃለን።

ማለዳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን አርባው እየደረሰብኝ ነው። መጇን ሲል የትኛውን ነው? የሕይወት ታሪኩን አስቀድሞ ያዘጋጀው ዘመዳችን «ባለሙያ እናት ነበሩ» ብሎ ነው ያለፈው።

እቴሜቴ፦
«ባለሙያ» ብለህማ እንዳታልፋት ልጄ። ወንድ ባለሙያ ሲባል ሥራው ይጠየቃል፣ ሴት ስትሆን ግን ወጥ ትጥማለች ማለት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፈተገች፣ ሸረከተች፣ ፈጨች፣ አላመች፣ ነፋች፣ አቦካች፣ ጋገረች ብለህ አንድ በአንድ ጻፈው። ረዘመ ካሉህ ይርዘም፤ እሷም ያን ሁሉ ሠርታዋለች። መጇን የሚለውን አትንካው። የእጇን መጅ ያየ ሰው ድንጋዩን ለይቶ አያስበውም።

ዋሸራ፦
ምክሩ መልካም ነው፤ የቃሉ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። «ከመጅ ተላቃ» ያለው ድንጋዩን ከሆነ «መጇን» ሲልም ወደዚያው ነው የሚመለሰው፤ ሰዋስዉ ያስገድዳል።

ብራና፦
ድንጋይ አስቦ የሚያለቅስ ወንድም አለ የኔታ?

ዋሸራ፦
አለ እንጂ። የሟቿ መጅ እኮ ጓዳው ውስጥ ይቀራል፤ እጇ አይቀርም። ማሕረፅን ደግሞ ነገ ምሳሌ ይዤ እመለስበታለሁ፤ በፀሐዩ ፀ ነው።