ሐይቅ ላይ ለጀልባና ለካያክ፦ የሰርፍ ትንበያ አፕ ይሠራል? የነፋስ ገደቡስ ስንት ይሁን?

የሎጎ_ልጅ፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ወሎ፣ ደሴ አጠገብ ባለው የሎጎ ሐይቅ ላይ ለሚወጡ ጀልባዎች በየቀኑ የነፋስና የማዕበል ትንበያ ማዘጋጀት ስለተፈለገ የምታውቁ እርዱን። ያሉት 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው የፋይበር ጀልባዎች ባለ 8 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ የአንድ ሰው ካያኮች (ጠባብ መቅዘፊያ ጀልባዎች) እና የአስጋሪዎች ታንኳ ናቸው። ከሚሳፈሩት ውስጥ ዋና የማይችሉ አሉ።

ስልክ ላይ ያለው አፕ ለሰርፈኞች፣ ማለትም በባሕር ማዕበል ላይ በሰሌዳ ለሚንሸራተቱ፣ የተሠራ ነው። የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ስትነኩት የማዕበል ቁመት፣ በሁለት ማዕበል መካከል ያለው ሰከንድ፣ አቅጣጫ፣ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ሁሉ ይዘረዝራል፤ ሪፍ፣ ማለትም ከውሃ ሥር የኮራል ወይም የድንጋይ መደብ፣ ባለበት ቦታ ደግሞ «ልምድ ላላቸው ብቻ» ይላል። ሐይቃችንን ስትነኩት ማዕበሉ ባዶ ነው፣ ነፋሱ ብቻ ይወጣል። ታዲያ ከነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉን ማወቅ ይቻላል? በስንት ኪሎ ሜትር ነፋስ ነው «ዛሬ አይወጣም» የሚባለው? ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሳውን ማዕበልስ ምን ቀድሞ ይናገራል?

ሞገድ_ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አፑ ለምን ባዶ እንደሚያሳይ እንይ፤ የቀረው ከሱ ይከተላል።

ሰርፈኛ የሚጠብቀው ማዕበል የተወለደው ከሩቅ፣ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተነሳ አውሎ ነፋስ ነው። መንገድ ላይ አጫጭሩ ይሞትና ረጅሙ ይደርሳል። ለዚህ ነው በሪፍ ላይ ሰዎቹ ከቁመቱ እኩል ሰከንዱን የሚያዩት። 2 ሜትር በ14 ሰከንድ ከተባለ የማዕበሉ ርዝመት በጥልቅ ውሃ 300 ሜትር ያልፋል (ሰከንዱን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ1.56)። ማዕበል የውሃው ጥልቀት ከርዝመቱ ግማሽ ሲያንስ ወለሉን መንካት ይጀምራል፤ ያኛው ገና 150 ሜትር ጥልቀት ላይ ይነካና እየታጠፈ ሄዶ ሪፉ ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ጥልቀት ባለው ውሃ ይሰበራል። የወደቀ ሰው ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነው። ባሕሩ ግማሽ ሜትር ሲጎድል እዚያው ቦታ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለዚህ ነው።

የእኛ ሐይቅ 6.7 ኪ.ሜ. በ6 ኪ.ሜ. ነው፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪ.ሜ.። ከሩቅ የሚመጣበት ማዕበል የለም፤ ያለው ነፋሱ እዚያው የሚያነሳው ነው። የዓለም የማዕበል ሞዴሎች (ትንበያውን የሚያሰሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ምድርን የሚከፍሉት በብዙ ኪሎ ሜትር ጎን ባላቸው ካሬዎች ስለሆነ ሐይቁ አንዱን ካሬ እንኳ አይሞላም፣ የብስ ተብሎ ይታለፋል።

ግን ማስላት ይቻላል። የሚያስፈልገው የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ውሃ ላይ ሳይቋረጥ የሚሮጥበት ርቀትና የቆየበት ሰዓት ነው። ርቀቱን በሜትር ይዛችሁ ለ9.81 አካፍሉ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ በነፋሱ ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) አባዙ፣ ውጤቱን በ0.0016 አባዙ። ለ6000 ሜትር ርቀትና ለ10 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪ.ሜ.፣ 40 ሳ.ሜ. ይሰጣል፤ በሁለት ማዕበል መካከል ያለው ጊዜ 2.4 ሰከንድ፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ ይሆናል። ነፋሱ በግማሽ ሲያንስ 20 ሳ.ሜ.፣ 15 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ 60 ሳ.ሜ. ነው። ይህ ከትልቁ ሲሶ የተወሰደ አማካይ ስለሆነ አልፎ አልፎ እጥፉን የሚጠጋ ማዕበል ይመጣል።

40 ሳ.ሜ. ሲባል ማንም እንዳይንቀው። ከላይ ካልኩት የ2 ሜትር የውቅያኖስ ማዕበል ይልቅ ይህ ከስድስት እጥፍ በላይ ቀጥ ያለ ነው። ያኛው ጀልባን ቀስ አድርጎ አንስቶ ያወርዳል። የ9 ሜትሩ ግን ለ5 ሜትር ጀልባ ክፉ ልክ ነው፦ አፍንጫዋ ጫፉ ላይ ሲወጣ ኋላዋ ጎድጓዳው ውስጥ ነው፤ የገባውን ውሃ ቀድታችሁ ሳትጨርሱ በ2.4 ሰከንድ ሌላው ይደርሳል። ከውሃው በላይ ያለው የጎን ጠርዝ 30 ሳ.ሜ. እስኪቀር ድረስ ሰው የተጫነበት ጀልባ በዚህ ማዕበል ላይ ጎኑን ከሰጠ ይሞላል።

ሰዓቱን አትርሱ። 36 ኪ.ሜ. ነፋስ ያንን 40 ሳ.ሜ. ለመሙላት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያለማቋረጥ መንፈስ አለበት። የሃያ ደቂቃ የዝናብ ነፋስ ከዚያ ያነሰ ማዕበል ነው የሚያነሳው፤ የእሱ አደጋ በግፊቱ፣ ማለትም ድንገት በሚበረታው የነፋስ ምት ነው፣ ካያክን ይገለብጣል።

ደመና_ጠባቂ፦

ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን የሚገባበት የነፋስ ቁጥር ከተሳሳተ ስሌቱ አይረዳም፤ ወሎ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

አፑ ላይ የትኛው ሞዴል እንደተመረጠ እዩ። የአሜሪካኑ ጂኤፍኤስ 25 ኪ.ሜ. ገደማ ካሬ አለው፣ የጀርመኑ አይኮን 13፣ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል (ECMWF) 9። በ25 ኪ.ሜ. ካሬ ውስጥ ሐይቁ፣ የአምባሰል ተራራና ወደ አፋር የሚወርደው ቁልቁለት ተቀላቅለው እንደ አንድ ሜዳ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የአውሮፓውን መሠረት አድርጉ፣ አይኮንን ለማነጻጸሪያ ያዙ። ሁለቱ በ10 ኪ.ሜ. በሰዓት ከተለያዩ ከፍተኛውን ውሰዱ።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ነው። አፑ ላይ «850» የሚለውን የነፋስ ንብርብር አትክፈቱ፤ እሱ 1500 ሜትር አካባቢ ያለ ነው፣ ለእኛ ከመሬት በታች ነው። የሚታየው ቁጥር የተፈጠረ ነው። ከሐይቁ ከፍ ብሎ ያለውን ነፋስ ለማየት «700» የሚለውን ክፈቱ፣ 3000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ 40 ኪ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ያ ነፋስ በግፊት በግፊት ወደ ታች ይወርዳል።

የሚነበበው አማካዩ ብቻ አይደለም፣ ግፊት የሚለው ረድፍ አለ። ማዕበሉን በአማካዩ አስሉ፤ «ይወጣ ወይስ አይወጣ» የሚለውን በግፊቱ ወስኑ። አፑ በኖት ከተቀመጠ 1 ኖት 1.85 ኪ.ሜ. መሆኑን ያዙ፤ 15 የሚለውን ኪሎ ሜትር መስሎት የሚወጣ ሰው 28 ይጠብቀዋል። ሰዓቱም እንዳያሳስት፦ በዓለም አቀፉ ሰዓት 12 የሚለው በእኛ ቀን 9 ሰዓት ነው፣ ማለትም 3 ትቀንሳላችሁ። አፑ በአገር ሰዓት ከተስተካከለ ደግሞ 6 ቀንሱ።

ድንገተኛውን በተመለከተ፣ የቀትር በኋላ ነጎድጓድ በየትኛው ደቂቃ የት ላይ እንደሚፈርስ የትኛውም ሞዴል አይነግራችሁም። የሚነግረው የአየሩን ዝግጁነት ነው። በበልግና በክረምት የነጎድጓድ ጉልበት ጠቋሚው (ኬፕ የሚሉት) ከ500 ካለፈ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ የሚወጣ ጀልባ እንዳይኖር። ከዚያ ወዲያ ዓይን ነው። አምባሰል ራስ ላይ የአበባ ጎመን የመሰለ ደመና ከ5 ሰዓት በፊት ቁመት ማውጣት ከጀመረ ቀኑ በሰላም አይውልም። ከደመናው ሥር የዝናብ መጋረጃ ሲታይና ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችሁን ሲመታ፣ ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ጥቁር መስመር ሲሮጥ፣ ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ እየመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ያላችሁ ደቂቃዎች ናቸው፤ ወደ ወጣችሁበት ሳይሆን ወደ ቅርቡ ዳርቻ ቅዘፉ።

መብረቅ ሲታይ እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ ሰከንዱ ለ3 ሲካፈል ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከውሃ ይወጣል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ሐይቅ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጀልባው ሰው ነው።

ቀዛፊ_ተሁለደሬ፦

በሁለቱ ወንድሞች ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ አፑ ለሰርፍ ስለሆነ። ሰርፈኛ የሚወደው ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰውን ነው፤ የማዕበሉን ፊት ደግፎ ቀጥ አድርጎ ያቆምለታል። አፑም ያንን በአረንጓዴ ይቀባዋል። ለጀልባ የሐይቁ ሕግ ግልብጥ ነው። ከምዕራቡ ዳርቻ ስትወጡ ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ እግራችሁ ሥር ያለው ውሃ መስታወት ይመስላል፤ ነፋሱ ገና መሮጫ አላገኘምና። 500 ሜትር ስትርቁ በ36 ኪ.ሜ. ነፋስ 11 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፣ መሃል 3 ኪ.ሜ. ላይ 28፣ ወዲያኛው ዳርቻ 40። ካያክ ያለ ጥረት ይሄዳል፣ መመለሻው ግን በነፋስ ፊት ለፊት ነው፤ ጀማሪ ቀዛፊ በዚያ ነፋስ ላይ ወደፊት አይሄድም። ብዙውን አደጋ የሚያመጣው ይህ ዓይነቱ ጸጥታ ነው። አረንጓዴውን ቀለም እርሱት፣ ቀስቱን ብቻ እዩ።

ከምሥራቅ፣ ከአፋር በኩል ሽቅብ የሚመጣው የቀትር ነፋስ ቢያንስ ወደ ዳርቻችን ይገፋል። ግን ድንጋያማውና ገደላማው ዳርቻ ላይ ማዕበሉ ተመልሶ ይነጥርና ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፤ እዚያ ውሃው ከሁሉም አቅጣጫ ይዘላል። ከእንደዚያ ያለ ዳርቻ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ልሳነ ምድር ከነፋሱ ተቃራኒ ያለው ጎኑ መጠለያ ይሆናል፤ ጫፉን ስትዞሩ ግን ማዕበሉ በአንድ ጊዜ እንደሚለወጥ ጠብቁ።

ገደብ ለጠየቅኸው፣ እኔ የምለው፦ ጀማሪ ያለበት ካያክ ግፊቱ 20 ኪ.ሜ. በሰዓት ሲደርስ ይቁም፣ ነፋሱ ከየብስ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ በ15። ፋይበሩ ጀልባ በ28። ታንኳ እንደ ካያኩ። 20 ኪ.ሜ. ያለ መሣሪያም ይታወቃል፣ ነጭ አረፋ በየቦታው ሲበዛ ማለት ነው። የእጅ ነፋስ መለኪያ ካላችሁ ራስ ላይ ከፍ አድርጋችሁ 2 ደቂቃ ያዙት፤ ትንበያው ለ10 ሜትር ከፍታ ስለሆነ የእጃችሁ ንባብ በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል።

የሎጎ_ልጅ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ማዕበሉ መሃል ላይ ከያዘን ባለ 8ቱ ሞተር በቀጥታ ወደ ዳርቻ መሮጥ ይሻላል? በኮምቦልቻ ጣቢያ የሚለካውን ነፋስስ መጠቀም እንችላለን?

ቀዛፊ_ተሁለደሬ፦

አትሩጡ። ፍጥነት ቀንሳችሁ አፍንጫዋን ከማዕበሉ ጋር 30 ወይም 40 ዲግሪ አድርጋችሁ ውጡ፤ ቀጥታ ከሆነ ታርፍና ውሃ ትዝቃለች፣ ጎን ከሆነ ትሞላለች። መንገዱ ወደ ጎን ከሆነ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ከማዕበሉ ፈጥናችሁ ወደ ጎድጓዳው እንዳትወርዱ፣ አፍንጫዋ ትቀበርና ኋላዋ ትዞራለች። ሰዎቹ ወለል ላይ ይቀመጡ፣ ማንም እንዳይቆም። ሞተር ከጠፋ ዳርቻ አጠገብ ከሆናችሁ መልህቁን ከአፍንጫ በኩል ጣሉ፤ መሃል ላይ ግን ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ጥልቅ ስለሆነ መልህቁ ወለል አይደርስም። እዚያ በገመድ የታሰረ ባልዲ ከአፍንጫዋ ብትጥሉ ፊቷን ወደ ማዕበሉ ይይዝላችኋል። ሁለት መቅዘፊያ፣ በገመድ የታሰረ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት፤ ጃኬቱ ከመነሳታችሁ በፊት ይታሰር፣ ማዕበል ውስጥ ማሰር አይቻልም።

ደመና_ጠባቂ፦

የኮምቦልቻውን ለዝናብና ለሰፊው የአየር ሁኔታ ተጠቀሙበት፣ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱን የአሥር ቀን ትንበያም ተከታተሉ። ነፋሱን ግን አትዋሱ፤ በመካከል ደሴና ተራራው አለ፣ ሸለቆው ነፋሱን በራሱ አቅጣጫ ይመራዋል።

ሞገድ_ቆጣሪ፦

ለአስጋሪዎቹ አንድ ነገር። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ለቀናት የቆየ ነፋስ ሲጨመርበት ኦክስጅን የሌለውን የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ሊቀላቅለው ይችላል። ቆሮሶው ላይ ላይ ሲያናፍስ ከታየና ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ መንስኤው ይህ ሊሆን ስለሚችል የወረዳውን የዓሣ ባለሙያ ጥሩ፤ ሞቶ የተገኘውንም አትሽጡ።

ደመና_ጠባቂ፦

ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ተመድቦ የሚጽፈው እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ነገ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ነፋስ ከምዕራብ 8፣ ግፊት 14፣ ማዕበል ከ10 ሳ.ሜ. በታች፣ ካያክ ከዳርቻ 300 ሜትር ሳያልፍ። ከ4 እስከ 7፣ ከምሥራቅ 18፣ ግፊት 26፣ ማዕበል 20 ሳ.ሜ.፣ ጀልባ ብቻ። ከ7 በኋላ ኬፕ 800፣ ማንም አይወጣም።» ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱን ትንበያ አይቶ ያርመው፤ መውጫው ላይ ቆሞ ሰማዩንና ውሃውን ያየው ሰው «አይሆንም» ካለ ግን ወረቀቱ ምንም ቢል የሱ ቃል ይጽና።