የሚያዝያ 22 የጃዝ ምሽቶች፦ ለከተማ አስተዳደሩ የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ፣ ረቂቅ ሁለት

ጸሐፊ፦ ዓለም አቀፉ የጃዝ ቀን ሚያዝያ 22 ስለሚውል፣ ከሚያዝያ 21 እስከ 23 ድረስ በድሬዳዋ ሦስት ሰፈሮች በሦስት ምሽቶች በቀጥታ የሚቀርብ ጃዝ እናዘጋጃለን። የመጀመሪያው ምሽት ከዚራ በድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት፣ ሁለተኛው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ፣ ሦስተኛው ሳቢያን ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቡድን የሚጫወተው ከከተማችን ወጣቶች ጋር እንጂ በእነርሱ ፈንታ አይደለም፤ ዕቅዱ የተነሣበት ዓላማም ይኸው ነው። አስተያየት የምቀበለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

ሳክስፎን ተጫዋቹ፦ ረቂቁ የመጀመሪያው ምሽት በ10 ሰዓት ይጀመራል ይላል። ይህን የጻፈው ሰው በሚያዝያ ከቤቱ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሳክስፎን በሙቀት ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቫይብራፎን፣ ማለትም በዱላ እየተመታ የሚጫወተው መሣሪያ፣ የአሉሚኒየም ዘንጎች ደግሞ ሲሞቁ በጥቂቱ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ፀሐይ ላይ አቁሞ አንድ ዜማ ማጫወት አድማጩን መቅጣት ነው። ከ12፡30 በፊት መጀመር የለብንም።

የድምፅ ባለሙያው፦ በሰዓቱ እስማማለሁ። ቫይብራፎኑ በእጃችን ስለሌለ እንግዶቹ ይዘውት ይመጣሉ፤ ከዘንጎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ ያሉትን ክብ ክዳኖች የሚያሽከረክረው ትንሽ ሞተር ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ድምፁም ያንን መርገብገቡን ያጣል። ስለዚህ ጄኔሬተር የግድ ነው፤ ጩኸቱ እንዳይሰማም ከመድረኩ በደንብ መራቅ አለበት፣ ረጅም ገመድም በበጀቱ ይግባ። የፈቃዱን ደብዳቤ አስገባለሁ ብሎ የወሰደው አባል የት ደረሰ?

የከዚራ ተወካይ፦ ደብዳቤውን እርሱ ካላስገባው እኔ ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፦ በበጀቱ ተራ ቁጥር 9 ላይ «ሶፋ፣ 4» የሚል አየሁ። ይህ ሶፋ የሚቀመጥበት ማን ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለክብር እንግዶች በኪራይ የሚመጣ ነው። በማንኛውም ዝግጅት የተለመደ ነገር ነው።

የመጋላ ተወካይ፦ የተለመደ ከሆነ ለምን ለከዚራ ምሽት ብቻ ተመደበ? ለመጋላና ለሳቢያን የተጻፈው የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው። ከደቻቱ ወዲያ የክብር እንግዳ አይኖርም ተብሎ ታስቦ ከሆነ በግልጽ ይነገረን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሶፋ በየምሽቱ በአይሱዙ ጭኖ ማመላለስ ከኪራዩ የበለጠ ስለሚያስወጣ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

የከዚራ ተወካይ፦ በዚህ ላይ በመጋላ መንገድ ሶፋ የጫነ አይሱዙ ሊገባ ይቅርና ባጃጅም በመከራ ነው የሚያልፈው።

የመጋላ ተወካይ፦ ይህን አባባል ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ለመዋጮ ሲሆን መንገዳችን ጠቦ አያውቅም።

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፦ በባቡሩ ዘመን እንኳ በአንደኛ ማዕረግ የሚቀመጥ ሰው የሚቀመጠው ከፍሎ ነበር። ሶፋ ላይ የሚቀመጡት እንግዶች ምን ከፈሉ? ካልከፈሉ ከእኛ ጋር ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ እርስዎ የሚሉት እንግዳ ፈቃዱን የሚፈርመው እንግዳ ነው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠነው በሚቀጥለው ዓመት ምን ፊት ይዘን ቢሮው እንገባለን?

ሳክስፎን ተጫዋቹ፦ ስለ ሶፋ መነጋገር ከጀመርን ወዲህ ስለ ሙዚቃው የተነገረ አንዳች ነገር የለም። ዓሊ ቢራ በልጅነቱ የተቀላቀለው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ከዚያ ዘመን ዜማዎች አንዱን፣ ሙላቱ አስታጥቄ የሀገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ባዋሐደበት መንገድ፣ ልጆቹ ራሳቸው አዘጋጅተው ያቅርቡ የሚል ሐሳብ ከአንድ ሳምንት በፊት አቅርቤ መልስ አላገኘሁም። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚጫወቱት ሌላው ሥራ ደግሞ ቅኝቱ ሁለት ጠባብ የድምፅ ርቀቶች ስላሉት ፒያኖ ተጫዋቹ የለመደውን የጃዝ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እንዳለ ቢጭንበት ዜማው ይጠፋል፤ ይህ ደግሞ ልምምድ ይጠይቃል። ቤዝ ተጫዋቹም ቀብድ እየጠበቀ ነው።

የመጋላ ተወካይ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሶፋው ጉዳይ ሳይፈታ ወደ ሌላ አጀንዳ መሄድ ማድበስበስ ይሆናል።

የከዚራ ተወካይ፦ ስለ መንገዱ የተናገርኩት በቀልድ ነበር፤ መጋላ እናቴ የተወለደችበት ነው። ሶፋው ይሰረዝ ከተባለ አልቃወምም፤ ግን ከዚራም መጋላም ሳቢያንም አንድ ዓይነት ወንበር ይሁን፣ የተሰነጠቀ እንዳይመጣ።

ሒሳብ ተቆጣጣሪዋ፦ ወንበሩን ካነሣችሁ አይቀር አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ለሦስት ምሽት 200 ወንበር እንከራያለን፤ አምናም ተከራይተናል፣ ካቻምናም እንዲሁ። በየዓመቱ ለአከራይ የምናወጣው ገንዘብ ቢጠራቀም ወንበሩ እስካሁን የራሳችን በሆነ ነበር። ብንገዛውስ? ከዝግጅቱ በኋላ ለሠርግና ለለቅሶ እያከራየን ማኅበሩ ቋሚ ገቢ ያገኛል። የክብር እንግዳውም ወንበር «የማኅበሩ ንብረት» የሚል ቀለም ይቀባበታል፤ ከሶፋ የሚያንስ ክብር አይመስለኝም።

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፦ ከተቋቋምን ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው። ድንኳንም ይጨመርበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳቡን ሠራሁት። ወንበርና ድንኳን ከገዛን የሚተርፈው ለአንድ ምሽት ብቻ ይበቃል። የመጋላውና የሳቢያኑ ምሽት ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፉ፤ ያኔ የወንበር ኪራይ ስለማይኖርብን በጀቱ ይቀላል።

የመጋላ ተወካይ፦ አንዱ ምሽት ከዚራ የሚሆን ከሆነ፣ ወንበሩና ድንኳኑ የሚቀመጡት መጋላ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የከዚራ ተወካይ፦ ተስማምቻለሁ፤ ቁልፉ ግን በሁለታችንም እጅ ይሁን።

ሳክስፎን ተጫዋቹ፦ ስለዚህ ልጆቹ ስንት ደቂቃ ይጫወታሉ?

ጸሐፊ፦ በረቂቅ ሦስት ለእነርሱ የተያዘው የመክፈቻው 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የንብረት ምረቃ አለ፣ ከምረቃው በኋላ እንግዳው ቡድን ይቀጥላል። የቤዝ ተጫዋቹ ቀብድ ከግዢው በሚተርፈው ይታያል። ከነጋዴ ዋጋ የሚያመጡ ሦስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ ታይዋን ገበያ ዘመድ ያለው ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ሒሳብ ተቆጣጣሪዋ፦ እጀታ ያለው ወንበር ይሁን፣ ወይስ እጀታ የሌለው? እጀታ የሌለው እርስ በርሱ ተደራርቦ ቦታ ይቆጥባል።

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፦ እጀታ ያለው። ሽማግሌ በምን ተደግፎ ይነሣል?

የመጋላ ተወካይ፦ እጀታ ያለው 200 ወንበር እኛ ጋር ካለው መጋዘን አይገባም።

የድምፅ ባለሙያው፦ ደብዳቤው የተጻፈው ለሦስት ምሽት ስለሆነ ከመግባቱ በፊት መታረም አለበት። የወሰደው አባል ስልክ አያነሣም፤ ሰኞ አስገባዋለሁ ያሉት የከዚራ ተወካይም ሰኞ ካለፈ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አልጻፉም። ቅጂው በማን እጅ ነው ያለው?