ወደ ሁለተኛ ዓመት አለፍኩ፤ የቆርቆሮውን ጩኸት ምን ላድርገው?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ፊልም እማራለሁ። ውጤት ወጥቶ ወደ ሁለተኛ ዓመት አልፌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ለክረምት ደሴ ነኝ። እስካሁን የሠራነው ሁሉ ያለ ንግግር ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ንግግር ያለው አጭር ፊልም ይጠበቅብናል። ከመስከረም በፊት ሙከራ ሠርቼ መሄድ እፈልጋለሁ።

ታሪኩ ቡና ላይ ነው። አያት የልጅ ልጇን ዓረብ አገር እንዳትሄድ ትለምናለች። የምቀርጸው አያቴ ቤት ነው፤ የምትጫወተውም ራሷ ናት። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት መደማመጥ አይቻልም። ጓደኞቼ ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ቅጂው ይሉኛል። አልፈልግም። አያቴን ማይክ ፊት አቁሜ ያንኑ ልመና ድገሚው ብላት ያ ድምፅ አይመጣም። ያለችኝ አንዲት የልብስ ማይክ ብቻ ናት። ምን ላድርግ?

ካሜራ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ሠርግ ነው የምቀርጸው። ደሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ ንግግሩን ጠዋት ጨርሺው። ማይኳን ለአያትሽ አድርጊላት፤ ወጣቷን በቅርብ ስትቀርጺ ወደሷ አዛውሪያት። ነጠላው እንዳይፍቃት ማይኳን በፕላስተር ያዢያት። ድምፁ እንዳያስተጋባ ካሜራው በማያየው ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀይ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ የቤቱን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ያህል ቅጂ። ኤዲቲንግ ላይ ድምፁ የተቆረጠበትን ቦታ የሚሸፍንልሽ እሱ ነው። አምፖል ካበራሽ ደግሞ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጪ፣ ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጊ። አለዚያ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።
ካልሆነ ወደኛ ውረጂ፤ ዝናቡም ብርዱም ይቀላል።

የሆጤ ልጅ፦
አላህ ይስጥህ ወንድሜ። መውረዱ ግን አይሆንልኝም። አያቴ ከቤቷ ስትወጣ ሌላ ሰው ናት። ከበሩ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል፤ እሱን አልተውም።

ቧንቧ ውሃ፦
ዝናቡን ለምን ትሸሺዋለሽ እህቴ? ስክሪፕቱ ውስጥ አስገቢው። አቦሉ ላይ ያውሩ። በረካው ላይ አያት ዋናውን ነገር ልትናገር ስትል ዝናቡ ይውረድ። አፏ ይንቀሳቀስ፣ ልጅቷ አትስማት። ዓመቱን ሙሉ ያለ ንግግር ስትተርኪ የከረምሽው ለዚህ ይጠቅምሻል። ደሴ ያደገ ሰው ያን ጩኸት ያውቀዋል። ስቱዲዮ ብትገቢ ግን ከየትም አታመጪውም።

የሆጤ ልጅ፦
ወላሂ አሁኑኑ ልጽፈው ነው። ዝናቡን ለመቅዳት ማይኳን የት ላድርጋት?

ካሜራ ከኮምቦልቻ፦
አንዴ ረከቦቱ አጠገብ፣ አንዴ በሩ ላይ። የመቅጃውን የድምፅ መጠን ቀድመሽ ዝቅ አድርጊ፤ ቆርቆሮ በአንዴ ነው የሚጮኸው። ውሃ እንዳይነካት ብቻ።