«ሯጭ እኮ በራሱ ይሮጣል»

የሜዳው ልጅ፦ ዛሬ ግቢያችን ስብሰባ ነበር። ትንሽ የክልል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙ ይቅር። የአትሌቲክስ ቡድኑ በጀት ሲነሳ አንዱ ኃላፊ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሯጭ እኮ በራሱ ይሮጣል፣ ምን በጀት ያስፈልገዋል?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጠመኔ፦ ምኑ ያናድዳል? የተማሪ ምግብ በቀን ከ22 ወደ 100 ብር ከፍ ያለው እንኳ በ2017 ነው። ላቦራቶሪው ኬሚካል የለውም። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ።

የአርሲ ልጅ፦ «በራሱ»? ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በቆጂ ላይ በአሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ነው ያለፉት። እሱ ደግሞ የስፖርት መምህር ነበር። በራሱ የሚሮጠው ፈረስ ነው፣ ጌታዬ።

ጠመኔ፦ ራስህ መለስከው። በቆጂ ዩኒቨርሲቲ ነው? ከዚያ የሚገቡት ክለብ ነው። መቻል አለ፣ ንግድ ባንክ አለ። ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ 1 ወርቅና 3 የብር ሜዳሊያ አመጣን። የቱ ነው በዩኒቨርሲቲ ማሊያ የመጣው?

የሜዳው ልጅ፦ ስለሌለ ነዋ የምንጮኸው!

ነን ካፌ፦ እኔ ሌላ ግቢ ሮጬ ነው የጨረስኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ዘበኛው በር እስኪከፍት ግማሽ ሰዓት በብርድ። ልምምድ 1:45 ያልቃል፣ ካፌው 1:30 ይዘጋል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በባዶ ሆድ ክፍል ገባሁ። ስሜ ላይ ሳቁ እንጂ የግቢውን ካፌ ትቼ ነን ካፌ የሆንኩት ወድጄ አይደለም።

ጠመኔ፦ አዝናለሁ። ግን እሱ የሰዓት ጉዳይ ነው፣ የበጀት አይደለም።

የአርሲ ልጅ፦ እንግዲያ በራሱ ይብላ!

ካታንጋ፦ ኳስ ሲሆን ማንም ትንፍሽ አይልም። ወልዋሎ የአዲግራት ዩኒቨርሲቲን ስም ይዞ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። በ2011 የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ሲወጣ 50 ሺህ ብር ነበር፣ በወር! ስንት የመሮጫ ጫማ ይገዛል?

የአዲግራት ሰው፦ ወልዋሎን ምን አመጣው? ከተማው እሁድን የሚጠብቀው በሱ ነበር። የሩጫ ነገር ባነሳችሁ ቁጥር ኳስ ላይ መንጠልጠል ምን የሚሉት አመል ነው?

ካታንጋ፦ ክለቡን ማን ሰደበ? ስለ ሂሳቡ ነው ያወራሁት።

የአዲግራት ሰው፦ ሂሳብ ከሆነ የራስህን ክለብ አውራ።

የሜዳው ልጅ፦ ኧረ ወደ ጉዳዩ! ስፖርት ሳይንስ ነው የምማረው። የአንድ ሌን ስፋት 1.22 ሜትር ነው ብለን ለመውጫ ፈተና ሸምድደናል። ግቢው ውስጥ ግን ትራክ የለም። ሣሩ ላይ በጀሶ እናሰምራለን፣ ዝናብ ይወስደዋል፣ እንደገና እናሰምራለን።

ጠመኔ፦ ጀሶው ከየት መጣ?

የሜዳው ልጅ፦ ከአዲሱ ሕንፃ። ዘበኛው ዞር ሲል።

ጠመኔ፦ ይኸው! ያለ በጀትም ይሰመራል።

የአርሲ ልጅ፦ «በራሱ ይሰመራል» በለና!